ጥምጥሜን ያዳነች ስግደት

ጉልበትን ለበሬ፣ ብልሃትን ለሰው ባደለው በእግዚአብሔር ስም ጀምሬ፣ በደርግ ዘመን በመተማ ዮሐንስ ገበያ መካከል ሰው ያንበረከክሁበትን ቀን እተርካለሁ። ያን ጊዜ የቅኔ መምህር ነበርሁ፤ ክንዴም ከመቋሚያ የከበደ ነገር አንሥቶ አያውቅም።

በሰሊጥ አጨዳ ወራት አንድ የእርሻ ካቦ ከጎጃም የመጣ የቀን ሠራተኛ በጥፊ ሲመታ አይቼ በሰው ፊት ገሠጽሁት። እርሱም፣ «አንተ ደብተራ፣ ቅዳሜ ገበያ መሀል ጥምጥምህን አውልቄ ሰሊጥ ካልቋጠርሁበት ሰው አይደለሁም» ብሎ ማለ። ጥምጥሙን በገበያ የተገፈፈ መምህር በማግሥቱ ማንን ያስተምራል? ደቀ መዛሙርቴ ተበትነው ይቀራሉ። ለቀበሌ ብከስስም «ጥምጥም የመደብ ጥያቄ አይደለም» ተብዬ እንደምመለስ አላጣሁትም።

ጎረቤቴ የግሬደር ሹፌር ነበር። ቀድሞ ከቻይናዎች ጋር መንገድ ሲሠራ፣ መገጣጠሚያ አጥፎ ሰው መጣልን ከእነርሱ ተምሯል። ጭንቀቴን ነገርሁት።

«የኔታ፣ ቡጢ ይችላሉ?»

«የት አውቄው።»

«ስግደትስ?»

«እርሱን ከልጅነቴ።»

«እንግዲያው ግማሹን ያውቁታል። ራስዎ ላይ እጁን ሲያሳርፍ በሁለት እጅዎ እዚያው ተጭነው ይያዙት። ከዚያ ዝም ብለው ይስገዱ። የእጁ አንጓ ወደ ኋላ ሲታጠፍ ጉልበቱ ራሱ ይታዘዛል።»

ሳምንቱን ሙሉ በእርሱ እጅ ተለማመድሁ። «ቻይናው አለቃዬ እርስዎን ቢያይ ይመነኩስ ነበር» ይለኝ ነበር፣ አንጓውን እያሸ።

ቅዳሜ ካቦው እየሳቀ መጥቶ ጥምጥሜን ጨበጠ። በሁለት እጄ እጁን ከላይ ተጭኜ፣ «እግዚኦ» ብዬ ሰገድሁ። አብሮኝ ወረደ፤ ጉልበቱም አቧራው ላይ አረፈ። ነገሩ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። እኔ ግን «እግዚኦ» ብዬ ከጀመርሁ አሥራ ሁለት ሳይሞላ ማቋረጥ አልለመድሁም። ቀና አልሁ፤ እርሱም እጁን ተከትሎ ቀና አለ። ደግሜ ሰገድሁ።

በሦስተኛው፣ «ልቀቀኝ፣ በቃኝ» አለ።

«አሥራ ሁለት ነው» አልሁት።

በአምስተኛው «ይልቀቁኝ፣ የኔታ» ሆነ። በዘጠነኛው ከእኔ ጋር «እግዚኦ» ይል ጀመር። አንዲት በርበሬ ሻጭ፣ «እሰይ፣ ንስሐ ገባ» ብላ እልል አለች። አንድ ሱዳናዊ ነጋዴም ጀላቢያውን ሰብስቦ ገለል አለልን።

አሥራ ሁለተኛውን ፈጽሜ ለቀቅሁት። ጥምጥሜ ወደ ግራ ጆሮዬ ተንሸራትቶ ነበር እንጂ አልወደቀም። ካቦው ጥቂት አየኝና፣ በደኅና እጁ አቃንቶልኝ፣ «ሰው እንዳይስቅብዎ» አለኝ።

ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ፣ ሳቁን በመስቀሉ ሸፍኖ፣ «አርባ ስገድ፤ የሰው እጅ ሳትይዝ» ሲል ቀኖና ሰጠኝ።

አንባቢዬ ሆይ፣ እግዚአብሔር አንተንም ቤተ ሰብህንም ከጉልበተኛ እጅ ይሰውር፤ ጉልበታችሁ ለእርሱ ብቻ ይንበርከክ፤ ማዕዳችሁም አይጉደል። አሜን።