በእህቱ ላይ የተዘጋው ማይክ

ሰፈሩ «ማጉያው» ይለዋል። የድምፅ መሣሪያ ጠጋኝ ነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሆድ ዕቃቸው የወጣ ራዲዮኖች መሀል ተቀምጦ ሽቦ ሲበይድ ይውላል። ምርቃትም ሆነ ስብሰባ፣ ድምፅ ማጉያ የሚተክለው እሱ ነው። ለፓርቲው ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በነፃ ነው የተከለው።

ወደ ፓርቲው ያስገባችው ታላቅ እህቱ ናት፤ እትዬ። አዋላጅ ነበረች፤ የሰፈሩን ግማሽ በእጇ ተቀብላዋለች። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ከሥራ በቀጥታ፣ እግሯን እንኳ ሳታሳርፍ፣ በር ለበር እየዞረች «እባካችሁ ምረጡን፤ ሕዝቡ ድምፁን ይሰጥና የራሳችን አገር ይኖረናል» ስትል ኖራለች። በምጥ ሰዓት እጇን ጨብጣ የጮኸች ሴት እንዴት ብላ በር ትዝጋባት? ሰው የመረጠው ፓርቲውን ሳይሆን እሷን ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

ሦስት ጊዜ መረጡ፤ ሦስቱንም ጊዜ ፓርቲው አሸነፈ። በመጀመሪያው «ሥልጣኑን እንልመደውና የነፃነቱ ሕዝበ ውሳኔ ይደርሳል» ተባለ። በሁለተኛው «ፍርድ ቤት ይፍቀድልን» ተባለ፤ ፍርድ ቤቱ አልፈቀደም። ከሦስተኛው በፊት ሊቀመንበሩ «ከግማሽ በላይ ድምፅ ካገኘን ምርጫው ራሱ እንደ ሕዝበ ውሳኔ ይቆጠራል» ብለው ማሉ። ከግማሽ በላይ ተገኘ። በሳምንቱ በራዲዮ ወጥተው «ይቆጠራል ስንል ለድርድር መነሻ ይሆነናል ማለታችን ነው» አሉ።

ሰው አንገፈገፈው። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ የሊቀመንበሩ ስም ሲነሳ ምርር ብሎ የሚስቅ በዛ። በእትዬ ግን ማንም ፊት ለፊት አልሳቀባትም። «ምን ሰማሽ?» እያሉ በሯን ያንኳኩ ጀመር እንጂ።

እንዲህ እያለ ሊቀመንበሩ ሕዝቡን ሊያነጋግሩ ይመጣሉ ተባለ፤ እሑድ ከሰዓት፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ። ማጉያው ገመድ ሲዘረጋ የቅርንጫፉ ጸሐፊ ጠጋ አለው።

«ስማኝማ ወንድሜ። ዛሬ ጋዜጠኞች አሉ። አንዳንዱ ደግሞ ስሜት ይነዳዋል።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«እኔ መነጽሬን ሳወልቅ አንተ የተሰብሳቢውን ማይክ ዝም ታሰኘዋለህ። የመሣሪያ ብልሽት ነው፣ በቃ። ለድርጅቱ ሲባል።»

ማጉያው መልስ አልሰጠም። መልስ አለመስጠቱ እሺ ማለት እንደሆነ እሱም ጸሐፊውም ያውቁታል። በልቡ ያሰበው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያፏጩትን ጎረምሶች ነበር። ለእነሱ ከሆነ ምናለበት አለ።

ጥያቄ ሲጀመር ሦስተኛ የተነሳችው እትዬ ናት። የክት ካፖርቷን ለብሳ፣ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች። ጉሮሮዋን ከታከመች ወዲህ ድምጿ ያለ ማይክ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም።

«ክቡር ሊቀመንበር፣ ሠላሳ ዓመት የሰው በር አንኳኩቻለሁ። አሁን ሰዎቹ የእኔን በር እያንኳኩ ነው። ምን ልበላቸው? የሰጠናችሁን ድምፅ ምን አደረጋችሁት? ማዕከላዊው መንግሥት እምቢ ካለ ቀጥሎ ምንድን ነው የምናደርገው? ዕቅድ ካላችሁ ንገሩን፤ ከሌላችሁም...»

ጸሐፊው መነጽሩን አወለቀ።

የማጉያው እጅ ከልቡ ቀደመ። ድምጿ እልም ብሎ ጠፋ። እትዬ ማይኩን በጣቷ መታ መታ አደረገች፤ ከዚያ ወደ እሱ ዞራ ፈገግ አለች።

«ወንድምዬ፣ ጠፋብኝ መሰለኝ፤ እስቲ እየው።»

ጠረጴዛ ሥር ገባ። ደህናውን ገመድ ነቀለ፣ መልሶ ሰካ፣ እንደገና ነቀለ። ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ። «ተቃጥሏል መሰለኝ» አለ፤ ቀና ሳይል። እትዬ ያለ ማይክ ልትናገር ሞከረች፤ ከፊት ያሉት እንኳ «ምን አለች?» ይባባሉ ነበር። የመድረኩ ማይክ ምንም አልሆነም። ሊቀመንበሩ በዚያው «እናታችን ስለ ትዕግሥት ያነሱት ሐሳብ ትልቅ ትምህርት ነው፤ እናመሰግናለን» አሉ። ተጨበጨበላቸው። እትዬ ወረቀቷን አጥፋ ተቀመጠች።

በማግሥቱ ጎረምሶቹ «የመድረኩ ሠርቶ የእትዬ ብቻ ነው የተቃጠለው?» ማለት ጀመሩ። የተቆጣቻቸው ራሷ ናት። «ወንድሜን አታንሱብኝ! ዕቃው አርጅቶ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በነፃ ያገለገለ ሰው ነው» እያለች በየሱቁ ተሟገተችለት። ወሬው ማጉያው ጋ ደረሰ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ወደ ሱቁ መጣች። በጋዜጣ የተጠቀለለ አዲስ ገመድ ይዛለች።

«ይኸው፣ ሁለተኛ እንዳያሳፍርህ» አለችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ገመዱን ሊነካው አልቻለም።

«እትዬ፣ አልተቃጠለም።»

«ምኑ?»

«ማይኩ። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ጸሐፊው መነጽሬን ሳወልቅ ዝጋ ብሎኝ... አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ውጪ አውቶቡስ ቆሞ ሰው አራግፎ ሄደ።

«ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮስ?» አለችው።

እሱ መበየጃውን ከሶኬት ነቀለ።

«ከሌላችሁም ውረዱና ሌላ ሰው ይምራን ልላቸው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ድምፄ እንዳይከዳኝ መስታወት ፊት ስንት ጊዜ ተለማምጄዋለሁ መሰለህ።» ተነስታ ወጣች። አልጮኸችም፤ በሩንም ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

በወሩ የቅርንጫፍ ስብሰባ ላይ ማጉያው ከመሣሪያው ጀርባ ወጥቶ ማይኩን ያዘ። አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር፤ እትዬም አልመጣችም። እየተንተባተበ ያደረገውን ተናገረ፤ ያላስጨረሳትን ጥያቄም እስከ መጨረሻዋ ቃል ጠየቀ። ጸሐፊው «ዝጋው! ዝጋው!» ብሎ ጮኸ። ለማን እንደሚጮህ ለራሱም አልገባውም። ከኋላ አንዱ ሳቀ። አንዲት እናት ግን ተነስታ «እሷ ስትናገር አፍነህ፣ ዛሬ ባዶ ወንበር ላይ ጀግና ሆንክ?» አለችው። ልክ ነሽ ብሎ ተቀመጠ።

ጥያቄው ወደ በላይ አካል ይተላለፋል ተባለ። እስካሁን መልስ የለም። ሊቀመንበሩ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ የነፃነቱን መንገድ የሚያጠና ኮሚቴ አቋቁመዋል አሉ። እትዬ የአባልነት ካርዷን በጎረቤት እጅ ላከችላቸው። ማጉያውም የፓርቲውን ገመድ መዘርጋት ተወ።

ከወንድሟ ግን አልተቆራረጠችም። ሲታመም ትጠይቀዋለች፣ ለልጆቹ ልብስ ትገዛለች። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። ጥቂትም ቢሆን ወሬ ሲነግራት፣ አውቶቡስ ዘገየ እንኳ ቢላት፣ «እውነትህን ነው?» ትለዋለች፤ ክፋት ሳይኖራት፣ ዝም ብላ። እሱም «እውነቴን ነው እትዬ» ይላል፤ ዓይኑን ግን መሬት ላይ ነው የሚተክለው።