እናቴ ተራራ ላይ የተወችው አሚን

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ የአሮጌ ዕቃ መደብር ገብቼ፣ ከተጫጫሩ መጥበሻዎችና ገመዳቸው ከተቆረጠ መብራቶች መሀል ከጫማ ካርቶን የማትበልጥ የእንጨት የወፍ ቤት አየሁ። አንድ የማያፍር ሰው የፕላስቲክ አበባ ጠቅጥቆባታል። አበባውን ነቅዬ ጣልኩና አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ሌላ ሰው ቢያሸታት አቧራ ነው የሚለው፤ ለእኔ ግን የጥድ እንጨትና የጎመን ዘር ሸተተችኝ።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ሶ ኪዩት! ፕላንት ልታደርጊባት ነው?» አለች አብራኝ የነበረችው የአክስቴ ልጅ ሰሚራ፣ እዚሁ ስፕሪንግፊልድ ተወልዳ ያደገች።

«ወፍ ነው የሚገባባት።»

«በዚች? ዛትስ አቢዩዝ!»

ግፍ ነው ማለቷ ነው፤ ልክ ሳትሆን አትቀርም። ግን እኔ እንደዚች ዓይነት የወፍ ቤቶች ግድግዳውን ከጣሪያ እስከ ወለል በሸፈኑበት ክፍል ውስጥ ነው ጥርሴን የነቀልኩት።

ጀርመን ነው ያደግኩት ስል ሰው ሁሉ ፍራንክፈርት ይመስለዋል። እኛ የነበርነው ሀርዝ የሚባል ተራራ ላይ፣ ጣሪያው ሾጣጣ፣ ግድግዳው በእንጨት የተለበጠ፣ ጭጋጉ ሳይጠራ ቀኑ የሚመሽበት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። አባቴ የሆቴል ኩሽና ይሠራል፣ እናቴ እዚያው ክፍል ታጸዳለች፤ በበጋ ዱላ ይዘው ተራራ የሚወጡ፣ የጥንቱን የብር ማዕድን ጉድጓድ የሚጎበኙ፣ መስኮትና በር ፎቶ የሚያነሡ ቱሪስቶች ይጎርፋሉ። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን ሰዎቹ በየመስኮቱ የሚሰቅሏቸውን፣ መጥረጊያ ላይ የተቀመጡ የጠንቋይ አሻንጉሊቶች ስታይ አንገቷን ደፍታ አዑዙ ቢላህ እያለች ነበር የምታልፈው። ሆቴሉ ውስጥማ ክፍል ባጸዳች ቁጥር አሻንጉሊቷን ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራታለች፤ እንግዶቹም ሲመለሱ የጠንቋይዋን ጀርባ እያዩ ግራ ይጋባሉ።

ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ኦፓ ኤርንስት ይኖሩ ነበር። ኦፓ አያት ማለት ነው፤ ሌላ አያት ስለማላውቅ የኔ አደረግኳቸው። ማዕድኑ እስኪዘጋ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ የሠሩ፣ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ እንደ አገሬው ልማድ ካናሪ የሚባለውን ዘፋኝ ወፍ የጎመን ዘር እየመገቡ የሚያሳድጉ ሰው ናቸው። ጫጩቶቹን በነዚያ ትንንሽ ቤቶች ለየብቻ ያስገቡና በጨርቅ ይሸፍኗቸዋል፣ መሀላቸው አንድ በደንብ የሚዘፍን ሽማግሌ ወፍ ያስቀምጣሉ፤ ጫጩቶቹ ጨለማው ውስጥ ሆነው እሱን እየሰሙ ዜማውን ይማራሉ። በልጅነቱ ያልሰማ ወፍ በኋላ ቢለፋም ቁርጥራጭ ነው የሚያወጣው ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቁጭ ማለት የማልችል፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጨርቁን የምገልጥ ልጅ ነበርኩ፤ «ሒክማ፣ ሒክማ፣ ተማሪዎቼን አስኮበለልሽብኝ!» እያሉ በጣታቸው ግንባሬን መታ ያደርጉኛል።

አገሬው ሰላም ሲባባል «ግሉክ አውፍ» ይላል፤ ጉድጓድ ለሚገባ ሰው በደህና ውጣ እንደማለት ነው። ኦፓ ኤርንስት ደረጃው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ «ግሉክ አውፍ» ሲሏት እናቴ አባቴን ምን ማለታቸው ነው አለችው። «በሰላም ውጪ፣ በሰላም ግቢ እያሉሽ ነው» አላት። የወሎ ሰው ተመርቆ ዝም ይላል? እጇን ዘርግታ «አሚን!» አለች። በማግሥቱም አሚን። በሳምንቱም አሚን። ኦፓ የሰላምታው መልስ ሆኖ ታያቸው መሰለኝ፣ እሷ ቀድማ «ግሉክ አውፍ» ስትላቸው እሳቸውም ባርኔጣቸውን አንሥተው «አሚን!» ይሏት ጀመር። ከዚያ ለጓደኞቻቸው አስተማሩ። ዓመት ሳይሞላ ዳቦ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጡት ጡረተኞች በሙሉ እናቴ ስታልፍ በአንድ ድምፅ «አሚን!» የሚሉ ሆኑ። አባቴ፣ «ሰዓዳ፣ መንደሩን አሰለምሽው እኮ!» እያለ በሳቅ ይሞታል።

አስር ዓመት ሲሆነኝ ዲቪ ደረሰንና ተነሣን። ኦፓ ኤርንስት የወፍ ቤት በእጃቸው ይዘው ደረጃው ላይ ቆመው መቼ ትመጣላችሁ ሲሉ፣ እናቴ በዚያ በተሰባበረ ጀርመንኛዋ፣ ጫጩቶቹ መዝፈን ሲጀምሩ ልጅቷን ይዤ እመጣለሁ አለቻቸው። ከልቧ ነበር። ግን አሜሪካን ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ ሪቨርዴል ፓርክ፣ ቀጥሎ ሀያትስቪል፣ እሷ ሲልቨር ስፕሪንግ ሽማግሌዎች ስትንከባከብ፣ አባቴ ሌሊት ሲነዳ፣ በየዓመቱ «ዘንድሮ እንኳ ሺፍቱ አልተመቸኝም፣ ለከርሞ» ስትል ኦፓ ኤርንስት ሞቱ። ከዚያ እሷም ታመመች። ሆስፒታል ሆና እንኳ፣ «የሽማግሌውን ደረጃ ሄደሽ እዪልኝ፣ እኔ ቃሌን በላሁ» አለችኝ። ዐደራ ብላኝ የሞተችው ይኼን ብቻ ነው።

ባለፈው በጋ ሄድኩ። ቤታችን ለእንግዳ የሚከራይ ሆኗል፣ ደረጃውም አዲስ ነው። ሌላ የማደርገው ሲጠፋኝ እንደ ማንኛውም ቱሪስት የከተማውን ጉብኝት ተቀላቀልኩ። አስጎብኚዋ የኔ እኩያ ናት። የማዕድኑን ጉድጓድ፣ የወፎቹን ክፍል፣ ቁልፍ ሲጫኑት ከድምፅ ማጉያ የሚዘፍነውን ካናሪ አሳየችን። በመጨረሻ የድሮ ቤታችን መንገድ ላይ አቁማን፣ «በሀርዝ ሁሉ ግሉክ አውፍ ሲባል መልሱ ያው ግሉክ አውፍ ነው፤ እዚህ መንደር ግን አሚን ይባላል። ጉድጓድ ከመግባታቸው በፊት ይጸልዩ የነበሩት የጥንት ማዕድን ሠራተኞች ቃል ሳይሆን አይቀርም» አለች። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዱ ሰውዬ ጻፈው።

ሁሉም ገብቶኛል፤ መናገር ላይ ግን ጀርመንኛዬ ከዳኝ። እናቴ የሚለውን ቃል አገኘሁት፣ ከሱ ቀጥሎ የሚመጣውን አጣሁት። አፌን ከፍቼ እንደቆምኩ አስጎብኚዋ «ግሉክ አውፍ!» ብላ ተሰናበተች፣ ያ ሁሉ ቱሪስት እየሳቀ «አሚን!» አለ።

አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ሆኜ ለአባቴ ደወልኩና ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ እስኪያስለው ሳቀ።

«እና የማን እንደሆነ ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም አባዬ። ጀርመንኛው ጠፋብኝ።»

 የመኪናውን ሬድዮ ሲቀንስ ሰማሁት።

«ሰዓዳ ለማለት ጀርመንኛ ያስፈልጋል እንዴ?» አለ።

አያስፈልግም ነበር። ሦስት ፊደል ነው። አሁን የወፏ ቤት ሀያትስቪል መስኮቴ ላይ ባዶዋን ተቀምጣለች፣ ሰሚራ በመጣች ቁጥር ፕላንት ካላደረግንባት እያለች ትነዘንዘኛለች። እዚያ ተራራ ላይ ደግሞ የማያውቋት ሰዎች ለእናቴ በየቀኑ «አሚን» እያሉ ይመልሱላታል፤ ስሟን የሚያውቅ ግን አንድም ሰው የለም፤ የምታውቀውም አንዷ ሄዳ፣ መንገዱ ላይ ቆማ፣ ሳትናገር ተመለሰች።