የታገተችው በቆሎ

እህቴ ኤውላሊያ ዕድሜዋን የጨረሰችው እዚህ ሜክሲኮ ይመለኩ የነበሩትን የአዝቴክ አማልክት ስትመረምር ነው። የድሮ የስፔን መነኮሳት ስለ አያቶቻችን የጻፉትን እያነበበች ዓይኗ ደከመ። «ሰይጣን አምላኪዎች» የሚል ገጽ ላይ ስትደርስ ጠረጴዛውን ትደበድበዋለች። «ውሸታም ሁላ!» ትላለች፣ ከሞቱ አራት መቶ ዓመት ያለፋቸውን ሰዎች። እኔ ወንድሟ ሲሪሎ ገበሬ ነኝ፤ ቁጣው ግን የቤተሰብ ነው።

ትልቁ መጽሐፏ ስለ በቆሎ አምላክ ነው። እኛ ቤት በቆሎዋ ሰው ናት። እማዬ ለዘር የመረጠችውን የበቆሎ ራስ ጥልፍ ቀሚስ ታለብሳታለች፣ ሐብል ታስርላታለች፣ ሣጥን ውስጥ ታስተኛታለች። ዝናብ ሲጥል ቀሚሷ ወልቆ ፍሬዋ ይዘራል። እሷ ከቤት ወጥታ ሌላ ዘር ከተዘራ ትቀየማለች። ከተቀየመች ደግሞ ትታን ትሄዳለች፤ ማሳችን ከዚያ ወዲያ አያበቅልም።

ኤውላሊያ ግን ለዋና ከተማው ሙዚየም ልታሳያት እማዬን ለምና ወሰደቻት። «ዝናብ ሳይጥል እመልሳታለሁ፣ የጓዳሉፔ እመቤታችንን!»

ዝናቡ ጣለ፣ በቆሎዋ የለችም። ጎረቤቱ ሁሉ ሲዘራ የእማዬ ማሳ ባዶውን ቀረ። ከገበያ ዘር ልግዛልሽ ብላት ጮኸችብኝ፤ «ልጄ ታግታ የሰው ልጅ ላሳድግ?»

ለኤውላሊያ ደወልኩላት። «አንቺ የተማርሽ ደንቆሮ! እናትሽን በረሃብ ልትገድያት ነው?»

«የሙዚየሙ ሰዎች አንሰጥም አሉኝ እኮ!» አለች።

ዋና ከተማው ድረስ ሄጄ፣ ተያይዘን ወደ ሙዚየሙ ሄድን። የሙዚየሙ ኃላፊ ዶክተር ሳልዳኛ ፈገግ አለ። «ፕሮፌሰር፣ ቅድስት ናት ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት። አሁን የአገር ቅርስ ናት፤ ከመስታወቱ አትወጣም።»

«ሕይወት አላት ብዬ ነው የጻፍኩት! አንብበኸዋል ወይስ ሽፋኑን ነው ያየኸው?»

«እሱማ የእምነት አነጋገር ነው እንጂ…»

የእህቴ ፊት ጠቆረ። ወንበር አነሳች። መስታወቱ ሲረግፍ እኔ ራሴ ክው አልኩ። በቆሎዋን በሻርፗ አዘለቻትና ወደ በሩ ሄደች። ዘበኛው እየሮጠ መጣ።

«ንካኝና ታያለህ!» አለችው።

የገጠር ልጅ ነው መሰለኝ፣ የታዘለችውን አይቶ መንገድ ለቀቀልን።

የምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ አባረራት። እማዬ ግን የበቆሎዋን ቀሚስ አውልቃ ፍሬዋን ዘራች፤ ዘግይቶም ቢሆን በቀለ። አረም ላይ እያለን ሳልዳኛ ደወለ፤ እንግዶች ባዶውን ቦታ እያዩ ይጠይቁኛል አለ፣ ምን እንደሚያስቀምጥበት ቸግሮታል።

ኤውላሊያ ስልኩን በጭቃ እጇ ነጠቀችኝ።

«መጽሐፌን አስገባበት!» ብላ ጮኸች። «እሱ አይበቅልም።»