የሰጠመ ማሳ ላይ የሚጮኽ ጂፒኤስ

ጀልባው ላይ ባሠራነው በመጀመሪያው ቀን ጂፒኤሱ ማቆሚያ አጥቶ ጮኸ። ከማዶ ለተበላ ከተማ ገበያ ሰው ጭነን ስንመለስ፣ ወደ ዳርቻው ገና ስንቃረብ ጀመረ፤ ቲት ቲት ቲት። ቁልፉን ተጭኜ ዝም አሰኘሁት። ደቂቃ ሳይሞላ እንደገና። ዶሮዎቿን እግሯ ሥር ያስቀመጠች አንዲት ገበያተኛ “ይሄ ነገር ርቦት ነው ወይስ አሞት?” ስትል ጀልባው በሙሉ ሳቀ። አጎቴ ጃኬቱን አውልቆ መሣሪያውን ጠቀለለና ተቀመጠበት። ከሥሩም ሆኖ ጮኸ።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው። ዓባያ ሐይቅ ላይ በሞተር ጀልባ ሰውና ዕቃ ያመላልሳል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ሶዶ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። ድሮም መቀመጥ አይሆንልኝም። በሚኒባስ ተበላ ወረድኩ፣ ከዚያ በሞተር ሳይክል እስከ ሐይቁ። “ጀልባ መንዳት አስተምረኝ” አልኩት። ሳቀብኝ፤ ግን አላባረረኝም፣ ምክንያቱም ከአንድ የተዘጋ ፕሮጀክት የገዛው ጂፒኤስ ሳይነካ አቧራ ይጠጣ ነበር። በውስጡ ያለው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። እኔም እንግሊዝኛዬ እንዲህ ነው ባይባልም፣ የማይገባኝን ነገር ሳልነካካ አላድርም።

ያን ቀን ገበያተኛው ወርዶ ሲያልቅ አጎቴ ጠራኝ።

“ስሚ። እስከሚቀጥለው ገበያ ይሄን ነገር አደብ አስገዢልኝ። ካልሆነ እሱ ሣጥን ይገባል፣ አንቺ ሶዶ እናትሽ ጋ ትገቢያለሽ። መሪ ልያዝ የሚል ነገር እንዳታነሺብኝ።”

“ታዲያ ውሃ ውስጥ ያለውን ግንድ በምን ልታየው ነው?”

“ሐይቁን አውቀዋለሁ።”

“የምታውቀው የድሮውን ሐይቅ ነው” አልኩት።

እንዲህ ማለት አልነበረብኝም፤ ግን እውነት ነው። ዓባያ ሞልቶ ማሳ ላይ ወጥቷል። በቆሎ ይዘራበት የነበረው መሬት ዛሬ ጀልባ ይሄድበታል። ዛፎቹ እንደቆሙ ሰጠሙ፣ አናታቸው ደርቆ ተሰበረ፣ ግንዳቸው ከውሃው በታች አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ቀረ። ውሃው ደግሞ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፤ እጅሽን ብትነክሪ ጣትሽን አታዪውም።

የጂፒኤሱ ሥራ እዚህ ላይ ነው። አደገኛው ቦታ ላይ ሆነሽ ነጥብ ትይዣለሽ፣ በነጥቡ ዙሪያ ይህን ያህል ሜትር ብለሽ ክብ ታሠሪለታለሽ፤ ጀልባው ክቡ ውስጥ ሲገባ ይጮኻል። በቃ። ቀላል ነው ብዬ ነበር።

ግንዶቹ የት የት እንዳሉ የሚያውቁት ደግሞ ባለማሳው ናቸው። መሬታቸው የሰጠመባቸው ሽማግሌ፣ አሁን ዳርቻው ላይ ልጃቸው ቤት የሚኖሩ። ከዚያ ገበያ ቀደም ብሎ፣ በተዋስኩት የመቅዘፊያ ጀልባ ይዤያቸው ወጥቼ ነበር። ከፊት ተቀምጠው ሁለት ኮረብቶችን እያስተያዩ “ትንሽ ወደ ቀኝ” ይሉኛል፤ ረጅሙን ዘንግ ውሃው ውስጥ ሲሰዱት ቋ ይላል። “ሎኦ!” ይላሉ፣ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። እኔ ከኋላ ቁልፉን እጫናለሁ። ሾላው ተያዘ። ግራሮቹ ተያዙ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ዘንጉ ምንም ሳይነካ ጭቃ ውስጥ ገባ።

“ቤቴ ነው” አሉ።

ያዝኩላቸው። ቀጥሎ በረቱ። ቀጥሎ የስኳር ድንቹ መደብ። ቀጥሎ ሟች ባለቤታቸው የሽፈራው ችግኝ የተከሉበት ጓሮ። ምን ልበላቸው? አባባ፣ ስኳር ድንች ጀልባ አይበሳም ልበል? አፌ የማይመለስ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ተመለሰ። ያሉኝን ሁሉ ያዝኩ፣ አርባ አንድ ነጥብ። ለደኅንነት ብዬም ለእያንዳንዱ የሁለት መቶ ሜትር ክብ ሰጠሁት። ማሳው እኮ ራሱ ሁለት መቶ ሜትር አይሞላም። ታዲያ እንዴት አይጮኽም?

አጎቴ ከተቆጣ በኋላ ዳርቻው ላይ፣ መረብ የሚጠግኑት ሰዎች አጠገብ ቁጭ ብዬ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ግንድ የሆኑት አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። ዘንጉ ግንዱን የነካው ከጀልባው ፊት፣ መሣሪያው የነበረው ከኋላ እኔ ጋ ስለሆነ ነጥቦቹ የጀልባዋን ርዝመት ያህል ተዛንፈዋል፤ ይህን ጨምሬ አስቤ ክቡን አርባ ሜትር አደረግኩት። የቀሩትን ሠላሳ አጠፋሁ። የቤቱ ነጥብ ላይ ስደርስ መሣሪያው በእንግሊዝኛ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ። ነኝ ብዬ ተጫንኩ።

የገበያው ቀን ጠዋት ጭጋግ ወረደ። አጎቴ የሚመራባቸው ኮረብቶች አንዳቸውም አይታዩም። ከማዶ ስንነሣ ሽማግሌውም ዘመድ ጠይቀው ሊመለሱ ከእኛ ጋር ተሳፍረዋል። አጎቴ ጭጋጉን አየ፣ እኔን አየ።

“ያዢ” አለና ከሞተሩ ተነሣልኝ። “ይሄ ነገር ደግሞ በከንቱ ቢጮኽ፣ የዛሬው የመጨረሻሽ ነው።”

መሪውን ያዝኩ። ባለፈው ማልቀስ የጀመረበት ቦታ ደረስን፤ ዝም። አለፍነው፤ ዝም።

“ሞተ እንዴ?” አለ አጎቴ።

“አልሞተም። የሚለው ሲኖረው ይላል።”

ብዙም ሳንሄድ ጮኸ። ወዲያው የሞተሩን ኃይል ቀነስኩ።

“እንግዲህ ጀመረው!” አለች አንዷ።

“እዚህ ጋ ምንም የለም። ቀጥዪ” አለ አጎቴ።

“አልቀጥልም።”

“ቀጥዪ እያልኩሽ!”

“አንተ ዘንጉን ስደደውና ምንም ከሌለ ሶዶ እሄዳለሁ” አልኩት በሰው ፊት።

ዘንጉን ያነሡት ግን ሽማግሌው ናቸው። በግራ ሰደዱት፣ ምንም። ከፊት ሰደዱት፤ ቋ። ጀልባዋ በቀስታ ወደፊት ስትንሳፈፍ የቅርንጫፍ ስባሪ ሆዷን ፈገፈጋት፤ ሁላችንም በእግራችን ሥር ሰማነው።

“ሾላዬ ነው” አሉ ሽማግሌው፣ እንግዳ እንደሚያስተዋውቁ።

ወደ ኋላ መለስኳት፣ ዞሬ አለፍኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እስከ አንገቴ ድረስ ደስ ብሎኝ። ሽማግሌው ግን ከሾላው ጀምረው ርቀቱን በልባቸው እየለኩ ኖሯል፤ ጥቂት እንደሄድን መሣሪያው ላይ አፈጠጡ።

“አሁን ደጄ ላይ ነን። ምነው ዝም አለ?”

“አጥፍቼዋለሁ፣ አባባ።”

“ቤቴን?”

“ቤትዎን፣ በረቱን፣ ጓሮውንም። ለሁሉም ከጮኸ፣ ለሾላው ሲጮኽ ማንም አይሰማውም ነበር።”

“ውሃው ወስዶት ነበር” አሉ። “አንቺ ደግሞ ደገምሽው።” ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ትክክል ነበርኩ። አሁንም ትክክል ነበርኩ እላለሁ። ግን ነጥቡን ማጥፋት አልነበረብኝም፤ ድምፁን ብቻ መንሣት ይቻል ነበር። ክቡን ዜሮ ብታደርጊው ነጥቡ ስክሪኑ ላይ ይቀመጣል፣ አይጮኽም። ይህ የገባኝ እዚያው፣ የሽማግሌውን ጀርባ እያየሁ ነው።

“አባባ፣ እንደገና ያሳዩኝ። ሳይጮኽ እይዝልዎታለሁ። በሄድን ቁጥር ያዩታል።”

ዞር አሉ። “አይጮኽም?”

“አይጮኽም።”

አጎቴን አየሁት። ጀልባው ሙሉ ነው፣ ሰዉ ቸኩሏል። “ትንሽ ልቁም?” አልኩት።

“መሪው በማን እጅ ነው?” አለ። “እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?”

ከመሃል አንዷ “ኧረ ገበያው ሊበተን ነው!” ብላ ጮኸች።

“ይበተን” አልኩና ሞተሩን አጠፋሁት።