የሚስተር ሬናር ስምንት አባቶች

ልጄ ሊያ እራት እስኪቀርብ ስትጠብቅ ጣቷን አጥፋ ጠረጴዛውን ቀስ አድርጋ መምታት ትወዳለች፤ ማን እንዳስለመዳት አላውቅም፣ እኔ አላስለመድኳትም። ያንን ኳ፣ ኳ፣ ኳ በሰማሁ ቁጥር ጌይተርስበርግ ያለው ወጥ ቤቴ ከፊቴ ይጠፋና ራሴን እዚሁ አሜሪካ ባለችው አሌክሳንድሪያ፣ ወለሉ በሰም በተወለወለ የአንድ ሽማግሌ ቤት ውስጥ አገኘዋለሁ። እናቴ ናት ጠረጴዛውን የምትመታው፤ ሰባት ጊዜ መታችው፣ በእያንዳንዱ ምት አንድ ስም ጠራች፣ እኔ ደግሞ አጠገቡ ካለው ክፍል ቲቪውን ከፍ አድርጌ ካርቱን አይ ነበር። ምቱን ሰምቻለሁ፤ ስሞቹን አልሰማሁም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ መኝታ ቤት ባላት አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር፤ አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ታክሲ ስለሚነዳ እማዬ እኔን የምታስቀምጥበት አጥታ ሥራዋ ድረስ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ሥራዋ አቅም ያነሳቸውን አዛውንቶች ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው፤ እሷ «ሆም ኬር» ነበር የምትለው። ሚስተር ሬናር የሚባሉ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሽማግሌ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣለች። ልጅ ይዞ ሥራ መግባት ክልክል ነበር፤ እሳቸው ግን «ቤቱ ድምፅ ያግኝ፣ አምጫት» ስላሉ አመጣችኝ።

መንገዱ ረጅም ነበር። በቀዩ የባቡር መስመር ተሳፍረን፣ ከተማው መሀል ወርደን ወደ ቢጫው እንቀይርና፣ ባቡሩ ከመሬት ውስጥ ወጥቶ ድልድዩ ላይ ሲደርስ፣ ወንዙ ከታች ብልጭ ሲል፣ እማዬ ጉልበቴን መታ አድርጋ «በይ እንጀምር» ትለኝ ነበር። የምንጀምረው አባቶቿን መቁጠር ነው። እማዬ ያደገችው መርሐቤቴ ነው፤ እዚያ ልጅ ሰባት አባቱን ቆጥሮ ካልጨረሰ ቤተሰቡን እንግዳ ፊት ያሳፍራል ትለኝ ነበር። «ወርቅነሽ የታደሰ፣ ታደሰ የወልዴ…» ትልና የመስኮቱን መስታወት በጣቷ ትመታለች፣ ቀጥዪ ማለቷ ነው። እኔ ግን ገና ወልዴ ላይ ስንደርስ ዙሪያዬን አይና «ማም፣ ፕሊስ፣ ሰው እያየን ነው!» እላለሁ፤ ደግሞ በእንግሊዝኛ፣ ደግሞ ጮክ ብዬ። የአባቴንማ አንድ ቀን ሞክራ ትታዋለች፤ እሱ አክስቱ ያሳደገችው ስለሆነ ከአባቱ ስም ወዲያ አያውቅም ነበር፣ እሷም «የአንተስ ደግ ናት፣ ድልድዩ ሳያልቅ ታልቃለች» እያለች ትቀልድበት ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ነው፤ የሰፈሩ የጡብ መንገድ ቅጠል ለብሶ ያንሸራትት ስለነበር እማዬ እጄን ጠበቅ አድርጋ ነበር የምትይዘኝ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ፣ መስታወት የገባ የዘር ሐረግ ተሰቅሏል፤ ከሁሉም በላይ በወርቅማ ቀለም «ማቱራን ሬናር» ይላል። ማቱራን ከፈረንሳይ በመርከብ መጥቶ፣ ይህ አገር ገና አሜሪካ ሳይባል፣ በስተ ደቡብ አንድ ትልቅ ወንዝ ዳር መሬት ተሰጥቶት የሰፈረ አናጢ ነበር። ሚስተር ሬናር ከዘራቸውን አንሥተው ከላይ ወደ ታች ያወርዱታል፦ ማቱራን ዣንን ወለደ፣ ዣን ፒየርን፣ ፒየር ኢቲየንን፣ ኢቲየን ኦገስትን፣ ኦገስት ቪክቶርን፣ ቪክቶር ጆርጅን፣ ጆርጅ ሄንሪን፣ ሄንሪ ደግሞ እሳቸውን፣ ፖልን። አንድ ስም ደግሜ በጠራሁ ቁጥር አንድ ከረሜላ ይሰጡኝ ነበር። ስምንት አባት፣ ስምንት ከረሜላ! በሦስት ቅዳሜ አጥንቼ ጨረስኩት።

እማዬ ግን ነገሩ ሌላ መስሏት ነበር። በእሷ አገር ሰው ያን ያህል ርቆ አባቶቹን የሚቆጥረው ወይ ሊጋባ ሲል ነው ወይ ርስት ሊጠይቅ ሲል ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ በዚያ ዕድሜያቸው ሊያገቡ አይደለም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ካልሲያቸውን እያጠለቀችላቸው፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ፣ ከልቧ አዝና «መሬቱን አሁን ማን ያዘብዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ቤተሰቡ ሸጦ ከተበተነ ዘመን የለውም አሏት። እሷ አልሳቀችም።

«ማቱራን ከመምጣቱ በፊትስ መሬቱ ላይ ማን ነበር?»

«ሰዎች ነበሩ» አሉ ሚስተር ሬናር።

«የእነሱን አባቶች የሚቆጥር አለ?»

ሚስተር ሬናር ከመሳቢያ የአንድ አሮጌ መዝገብ ቅጂ አወጡ፤ የማቱራን ልጆች መሬቱን በባርነት ያሳርሷቸው የነበሩ ሰዎች ዝርዝር ነው። ማሪ ይላል፣ ሉዊ ይላል፣ ሌላ ማሪ ይላል፣ በቃ። እማዬ በጣቷ እየተከተለች እስከ ታች ወረደችና «እነዚህስ አባት የላቸውም?» አለች። «አልተጻፈላቸውም» አሉና ቅጂውን መልሰው መሳቢያው ውስጥ ከተቱት። ያን ቀን ከረሜላ አልነበረም።

በረዶ በሚጥልበት ወራት ሚስተር ሬናር መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ መነጽራቸውን ያስቀመጡበትን፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ ቀጥሎ አባቶቻቸውን። «ማቱራን… ማቱራን…» ይሉና ይቆማሉ፤ ዓይናቸው ስለደከመ የግድግዳውን ጽሑፍ ማንበብ አይችሉም ነበር። ያን ጊዜ እማዬ ዘዴ አመጣች። የእኛ ሰው ሲቆጥር ከላይ አይወርድም፣ ከራሱ ተነሥቶ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠችና «የላዩን ይተዉት፤ ከራስዎ ይጀምሩ። እርስዎ ማን ነዎት?» አለቻቸው።

«ፖል።»

«ፖል የማን?» አለችና ጠረጴዛውን ኳ አደረገች።

«የሄንሪ።»

«ሄንሪ የማን?» ኳ።

ደረጃ እንደሚወጣ ሰው በየስሙ እያረፉ፣ ሲጠፋባቸው እሷ እያቀበለቻቸው፣ ማቱራን ላይ ደረሱ። «ጎበዝ!» አለቻቸው በአማርኛ፤ ቃሉን በጣም ስለወደዱት ከዚያ በኋላ ሾርባቸውን ሲጨርሱም ራሳቸውን «ጎበዝ!» ይሉ ነበር። የበረዶውን ወራት ሙሉ እንዲህ ሲሉ እሷም ሳታስበው ስምንቱንም ለመደቻቸው። ቤታችን ሽንኩርት እየከተፈች «ሄንሪ፣ ጆርጅ፣ ቪክቶር» ስትል አባቴ «ኧረ ሴትዮ፣ ደግሞ የማን ዘር ሆንሽ?» ይላት ነበር።

ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ መምህራችን የቤተሰባችሁን ሐረግ ሣሉና አምጡ አለችን። አንዱ ልጅ ከአየርላንድ መጣን ይላል፣ ሌላዋ የቅድመ አያቷን የሠርግ ፎቶ ይዛ መጥታለች፤ እኛ ቤት ፎቶ የለም፣ ወርቅማ ቀለም የለም፣ ያለው ባቡር ውስጥ የማፍርበት የእማዬ ጣት ብቻ ነው። ምን ልበላችሁ፣ ጉድ ሠራሁ! ትልቅ ካርቶን ወስጄ ማቱራንን ከላይ አስቀመጥኩት፣ ዣንን፣ ፒየርን፣ ሁሉንም በተራ አወረድኳቸው፣ ከፖል ሥር እማዬን፣ ከእማዬ ሥር «ማህሌት» ብዬ ራሴን ጻፍኩ። መምህሯ «ዋው፣ ከፈረንሳይ!» አለችና ከሁሉም ፊት ለፊት ሰቀለችልኝ።

ወላጆች የተጠሩ ቀን እማዬ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ካርቶኑ ፊት ቆመች፤ ጣቷ ማቱራን ላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ወረደ፣ ፖል ላይ ቆመ፣ የገዛ ስሟ ላይ ቆመ። ዞር ብላ አየችኝ፣ እኔ ጫማዬን አየሁ። መምህሯ ስታሞግሰኝ «ቬሪ ናይስ፣ ቴንክ ዩ» አለችና እጄን ይዛ ወጣች። ምነው በተቆጣችኝ ኖሮ! ባሱ ውስጥ ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ፤ እየበላሁ ሳለ ዝቅ ባለ ድምፅ «ታደሰን የት ጣልሽው?» አለችኝ።

በሳምንቱ ባቡሩ ድልድዩ ላይ ሲወጣ ጉልበቴ የእጇን ምት ጠበቀ። እሷ ወንዙን ትመለከት ነበር። ከዚያ ወዲያ «እንጀምር» ብላኝ አታውቅም፤ እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተገላገልኩ ነው ያልኩት።

ሙቀቱ ሲበረታ የወንድማቸው ልጅ መጥቶ ሚስተር ሬናርን ሌላ ስቴት ወዳለ የአዛውንቶች ማረፊያ ሊወስዳቸው ሆነ። ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ቅዳሜ አእምሯቸው እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ዋለ። እኔ ካርቱኔን ይዤ አጠገቡ ባለው ክፍል ተጋድሜያለሁ፤ «ሁልጊዜ እኔን ነው የምታስቆጥሪኝ፤ ዛሬ አንቺ ከራስሽ ጀምሪ፣ እጽፈዋለሁ» ሲሏት ሰማሁ። በበሩ ክፍተት ቢጫ ወረቀትና እርሳስ የያዘ እጃቸው ይታየኝ ነበር። እማዬ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ጠረጴዛውን ኳ አደረገች፤ ያንኑ ቆጠራዋን ልትጀምር ነው ብዬ ቲቪውን ከፍ አደረግኩት። ሰባት ምት። ከሰባተኛው በኋላ ሽማግሌው «ጎበዝ!» አሉ፣ እማዬም ሳቀች፤ እንደዚያ ስትስቅ ቤታችን ሰምቻት አላውቅም ነበር።

በማግስቱ የወንድማቸው ልጅ ሐረጉን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወሰደ፤ የቀረውን ወረቀት ሁሉ በጥቁር ፌስታል እየሞላ አወጣው። ቢጫዋ ወረቀት የትኛው ውስጥ እንደገባች ማንም አላየም። አባቴ «ለምን አልጠየቅሽውም?» ሲላት «ምን ብዬ? እኔ እንደሆነ አልረሳው» አለችው።

አባቴ ካረፈ ወዲህ እማዬ እኔ ጋ ናት። አሁን ሻይዋን ጠጥታ ሻይ አልሰጣችሁኝም ትላለች፤ አንዳንዴ እኔን እህቴ ትለኛለች፣ እህት ግን የላትም። እኔም ሲመሽብኝ ነው የባነንኩት። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ወርቅነሽ ታደሰ ወልዴ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ። አዲስ አበባ ያለው የአጎቷ ልጅ ጋ ብደውል «እሷን ጠይቂያት እንጂ፣ ከቤታችን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት» አለኝ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደህና ሆና አገኘኋት። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ፤ ሊያ እርሳስና ደብተር ይዛ ከጎኔ ሆነች።

«እማዬ፣ ከራስሽ ጀምሪ። አንቺ ማን ነሽ?»

ፊቷ በራ። «ወርቅነሽ።»

«ወርቅነሽ የማን?» አልኩና ጠረጴዛውን መታሁ።

«የታደሰ።»

«ታደሰ የማን?»

«የወልዴ።»

«ወልዴ የማን?»

ዓይኗን ጨፈነች፣ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። «የክንፉ» አለች። ክንፉ! በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ ስም፤ ሊያ ጻፈችው። «ክንፉ የማን፣ እማዬ?» አልኳት። እሷ ራሷ ጠረጴዛውን ኳ አደረገችና «የሄንሪ» አለች። «ሄንሪ የጆርጅ፣ ጆርጅ የቪክቶር፣ ቪክቶር የኦገስት…» አንዱንም ሳትስት፣ አንዱንም ሳትዘል፣ እስከ ማቱራን ወጣችና ደስ ብሏት «ይኸው ቆጠርኩልሽ» አለችኝ።

ሊያ ከደብተሯ ቀና ብላ «ማም፣ ፍሬንች ነን እንዴ?» አለች። ምን ልበላት? ካርቶኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ጎበዝ፣ እማዬ» አልኳትና ጉንጯን ስሜ፣ ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ያን ቤት ላሳያት ብዬ ሊያን ይዤ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ያኔ ባቡሩ ውስጥ ሰው ሁሉ እኛን የሚያይ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው፣ ለመጮህ እንኳ ብንሞክር ዞር የሚል የለም። ድልድዩ ላይ ስንወጣ ጉልበቷን መታ አደረግኩና «በይ እንጀምር» አልኳት፤ ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ፣ ግን ጀመረች። ሊያ የማህሌት፣ ማህሌት የወርቅነሽ፣ ወርቅነሽ የታደሰ፣ ታደሰ የወልዴ፣ ወልዴ የክንፉ። ከክንፉ በላይ ለቀሩት አራቱ ስም የለኝም። መስታወቱን አራት ጊዜ መታሁት፤ ሊያም አብራኝ መታች።