አሥራ ስድስት ወንበር

ዴልያ ቦርባ ያደገችው ከስድስት መቶ የወተት ላሞች ጋር ነው። ቱላሬ አካባቢ እንደ ቦርባ ያሉት ከአዞረስ ደሴቶች የመጡ ስደተኞች ከወተት ሌላ ሥራ አያውቁም ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ አያቷ አላቢ፣ አባቷ አላቢ፣ ወንድሟም አላቢ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ የረገጠ ሰው በቤቱ አልነበረም፣ እሷ እስክትገባ ድረስ። በምን ገባች ቢሉ፣ በወንድሟ ሞት።

ይህን የምለው በክፋት አይደለም፤ የአገሩ ሥርዓት ነው። ልጅ ለዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ስለ ራሱ አንድ ጽሑፍ ይጽፋል። የትምህርት ቤቷ አማካሪ ሚስተር ሄግ ደግሞ ተማሪውን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ነበር የሚቀበለው፦ «ውጤትማ ሁሉም አለው። አንቺን የሰበረሽ ምንድን ነው?» ዴልያን የሰበራት ወንድሟ ሊኖ ነበር። በአራት ዓመት ይበልጣት ነበር። በጥር ወር ጉሙ ሸለቆውን ሲውጠው የራስህን መኪና አፍንጫ እንኳ አታይም፤ አንድ ማለዳ ሊኖ ወደ ማለቢያው ሲሄድ የመኖ ጭነት መኪና ገጨው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። የሞተ ተጎዳ።

ዴልያ ይህንን ጻፈች፤ አሳምራ ጻፈች። ሚስተር ሄግ ጽሑፉን ወደደውና ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ምሳሌ ይሁን ብሎ አባዝቶ አደለው። ለመንፈስ ቅዱስ በዓል የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወጥ ቤት ውስጥ ሴቶቹ የሾርባውን ሥጋ ሲከትፉ፣ አንዷ ወረቀቱን ለዴልያ እናት ለዜልማ አሳየቻት። ዜልማ እንደቆመች አነበበችው። በማግስቱ ልጇን ጠርታ፣ «ጥሩ አድርገሽ ጽፈሻል» አለቻት። «ወንድምሽ ግን አንድ ጊዜ ነው የሞተው። ዳግመኛ ለማንም እንዳታወጪው። ቃል ግቢልኝ።»

«ቃል እገባለሁ፣ እማዬ።»

በመስከረም ዴልያ ዶርም ገባች። አዲስ ተማሪ አራት መቶ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ተወሽቆ ነው የሚማረው፤ ከመምህሩ የሚያየው መላጣውን ብቻ ነው። ነገር ግን ለጀማሪዎች የተዘጋጁ ትንንሽ ሴሚናሮች አሉ፦ አንድ ጠረጴዛ፣ አሥራ ስድስት ወንበር፣ ስምህን የሚያውቅ ፕሮፌሰር። ተማሪው ሦስት መርጦ በቅደም ተከተል ያስቀምጥና ለየአንዳንዱ ለምን እንደፈለገው አጭር ጽሑፍ ይጽፋል። ማብቂያው ረቡዕ ቀትር ላይ ነበር።

ዴልያ የፈለገችው አንዱን ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ሁለቱን ቦታው ባዶ እንዳይሆን ሞላቻቸው። ሴሚናሩ ስለ ወፎች ድምፅ ነበር። የምታስተምረው አሮጊቷ ፕሮፌሰር ሃልቮርሰን ስትሆን፣ በዚያው ዓመት ጡረታ ትወጣ ነበር። ዘንድሮ ያመለጠው ለዘላለም አመለጠው ማለት ነው።

የወፍ ነገር ለዴልያ የቤት ነገር ነው። በየሚያዝያው ክንፋቸው ላይ ቀይ ያለባቸው ጥቁር ወፎች በአሥር ሺህ ሆነው በቦርባ የመኖ ማሳ ውስጥ ጎጆ ሠርተው ይሰፍራሉ። ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ማሳውን ማጨድ በሕግ ክልክል ነው፤ መኖው ግን እያለፈበት ይሄዳል፤ አባቷም «ላም ነው የማልበው ወይስ ወፍ?» እያለ ሲነጫነጭ ይከርማል። ዳር ላይ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጠው ሊኖ ነበር። ድምፁን ሰምቶ ብቻ «ተፈልፍለዋል»፣ «ገና አንድ ሳምንት»፣ «ነገ እጨድ» ይላል፤ ስቶም አያውቅም። ዴልያንም ዓይኗን አስጨፍኖ አስተማራት። እሱ ከሞተ በኋላ ባለው ሚያዝያ ማሳው ዳር የቆመችው እሷ ናት።

እሑድ ዕለት ይህንኑ ጻፈች። ሊኖን አላነሳችውም። እንቁላል ላይ ያለ መንጋ ድምፁ እንዴት እንደሚወፍር፣ የመጀመሪያው ጫጩት የወጣ ቀን ያ ድምፅ እንዴት እንደሚሰነጠቅ፣ በስንጥቁ ውስጥ እንዴት ያለ ቀጭን ልመና እንደሚሰማ ብቻ ነበር የጻፈችው። አነበበችው፤ ደስ አላት።

ረቡዕ ጠዋት ለክፍል ጓደኛዋ ለሃርፐር አነበበችላት። ሃርፐር የኮኔቲከት የሀብታም ልጅ ናት፤ ክፉ አይደለችም፣ ምላሷ ግን አያርፍም። ያንኑ ሴሚናር በሦስተኛ ምርጫ ሞልታዋለች።

«ምንድን ነው ይሄ? የወፍ ሪፖርት ነው?» አለች ካልሲዋን እየፈለገች።

«ትምህርቱ እኮ ስለ ወፍ ነው።»

«ስሚኝማ። አሥራ ስድስት ወንበር ነው ያለው። የሚያመለክተው መቶ ምናምን ሰው ነው። አንቺን ለይተው ለምን ይውሰዱሽ? የቆሰልሽበት ነገር የታል?»

«ያንቺስ የታል?»

«አያቴ ሞታለች።»

ዴልያ ደነገጠች። «ውይ፣ ሃርፐር፣ አላወቅሁም...»

«ኧረ ተይ! አሁን በዚህ ሰዓት ፍሎሪዳ ቴኒስ እየተጫወተች ነው። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ አንዴ ቀበርኳት፣ ለክረምቱ ካምፕ አንዴ፤ ይሄ ሦስተኛዋ ነው። ብታውቂ፣ በየሞቷ ቁጥር እያማረባት ነው የምትሄደው!»

ዴልያ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ግን ጽሑፏን መልሳ አየችው። የቴኒስ ተጫዋቿ ሬሳ እንኳ ለውድድር ከቀረበ፣ የእሷ ወፎች ማንን ያሸንፋሉ? ሰዓቱን አየችው፤ አምስት ሰዓት ከሃያ ይላል። ሃርፐር ወጣች። ዴልያ የወፎቹን ጽሑፍ ሙልጭ አድርጋ አጠፋችውና ስለ ሊኖ መጻፍ ጀመረች። ብዙም አላስቸገራት፣ ጣቷ መንገዱን ያውቀዋል። ጉሙን ጻፈች፤ ያልጨረሰውን ቁርስ ጻፈች፤ ፖሊሱ በፕላስቲክ ከረጢት ያመጣውን አንድ እግር ቦቲ ጫማ ጻፈች፤ ይህንን ለሚስተር ሄግ እንኳ አልነገረችውም ነበር። እማዬ የት ታየዋለች ብላ ራሷን አባበለች። ስድስት ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ላከችው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እሷ ግን ያኔ የታያት ወንበሩ ብቻ ነበር።

በሰኞው ኢሜይል መጣ። ሌሎቹ ፕሮፌሰሮች «ተቀብለናል» ወይም «እናዝናለን» ብለው ነው የሚገላገሉት፤ ሃልቮርሰን ግን ላልተቀበለቻቸው ሁሉ ደብዳቤ ጽፋ ነበር።

«አንድ መቶ ሠላሳ ሁለት ጽሑፍ አነበብኩ» ይላል። «ስለ ወፍ የጻፉት አሥራ አንድ ብቻ ናቸው፤ እነሱን ያለ ብዙ ማሰብ ተቀበልኳቸው። ከቀራችሁት አብዛኞቻችሁ ስለ ሞተባችሁ ሰው ነው የጻፋችሁልኝ። እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ ብዙ አያቶች። ሦስት ቀን ሙሉ አነበብኳችሁ፣ አለቀስኩም። ሙታንን ግን ከአንደኛ እስከ አሥረኛ ደረጃ ማውጣት አልችልም፤ ማንም እንዲህ ያለ ነገር ሊጠየቅ አይገባውም። ስለዚህ ለቀሩት አምስት ወንበሮች ዕጣ አወጣሁ። የእናንተ ስም አልወጣም።»

ዴልያ «አሥራ አንድ ብቻ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። ተመልሳ አነበበችው። ከዚያ በኋላ ያለውን ለማንበብ ብዙ ቆየች። ሃርፐርም አልደረሳትም፤ «አሮጊቷ በከንቱ ሞተች» ብላ ቀልዳ ወደ ምሳዋ ሄደች።

ዴልያ ግን ተነሥታ የፕሮፌሰሯን ቢሮ አንኳኳች። ምን ልትል እንደሆነ አታውቅም። ሃልቮርሰን ቁጭ በይ አለቻት። ዴልያ ቁጭ ሳትል፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ያጠፋችውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሏ አለችው፤ የመንጋውን ድምፅ፣ ስንጥቁን፣ ልመናውን።

ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አወለቀች። «ይህን ለምን አልጻፍሽልኝም?»

«ጽፌው ነበር።»

«እና?»

«አጠፋሁት።»

«ልጄ፣ አንቺን ባስገባ በዕጣው የቀሩትን ሁሉ ልበድል ነው» አለች ሃልቮርሰን። «ሁላቸውም ሰው ሞቶባቸዋል።» ዴልያ ሁሉም እንዳልሞተባቸው ታውቅ ነበር፤ ግን ያንን መናገር ሃርፐርን ማሳጣት ነው። አመሰገነችና ወጣች።

እናቷ ከሰዓት በኋላ፣ በሁለቱ አለባ መካከል ባለችው ዕረፍት ደወለች።

«ደረሰሽ? የወፎቹ?»

«አልደረሰኝም፣ እማዬ።»

«ኧረ በማርያም! ስለ ማሳችን ነግረሻቸው ነው? አንቺን ያልወሰዱ ማንን ሊወስዱ ነው?»

«አዎ» ብላ ማለፍ ትችል ነበር። ውሸቱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። «ስለ ሊኖ ነው የጻፍኩት» አለች።

በስልኩ ውስጥ የላሞቹ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ዴልያ ቁጣውን ጠበቀች። ቁጣው ቢመጣላት ደስ ባላት ነበር።

«ምን ብለሽ?» አለች እናቷ።

«ሁሉንም። ቦቲውን ሳይቀር።»

«ቦቲውን?»

«ይቅር በይኝ፣ እማዬ። ሁሉም የጻፈው ስለ ሞተበት ሰው ነው፤ ሴትዮዋ መምረጥ አልቻለችም። ዕጣ አወጣችበት።»

የዜልማ ድምፅ ሲመጣ የተቆጣ ድምፅ አልነበረም፤ ልጇን ሰርግ ቤት ወስዳ ከበር እንደመለሱባት ሴት ነበር የምትናገረው።

«ሊኖን አንብባው ነው?» አለች። «ሁሉንም አንብባ፣ አልበቃትም?»