ለተኪሮስ ያላለቀሰችው ለቅሶ

ለተኪሮስ የወንድሟን የአንዶምን መርዶ በሚያዝያ ሰምታ እስከ ኅዳር ለማንም ትንፍሽ አላለችም። አላለቀሰችም፤ ነጠላዋንም አላዘቀዘቀችም። በሰው አገር፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባል ሰፈር፣ አስራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ታድራለች፤ ጠዋት በአውቶብስ ፕሊማውዝ ከተማ ወዳለ ፋብሪካ ወርዳ ካርቶን ታሽጋለች።

ቂሟ እንዲህ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት እናታቸው አስመራ ሲሞቱ አንዶም፣ እህቴ በሰው አገር ትጎዳብኛለች ብሎ መርዶውን ዓመት ሙሉ ደበቃት። መደበቁስ ያለ ነው፤ እሱ ግን ለእናቷ የምትልከውን ደብዳቤ እየተቀበለ በእናቷ ስም ይመልስላት ነበር። "ጉልበቴን ተሽሎኛል" እያለ። ለሙት የጉልበት መድኃኒት ስትልክ መክረሟን ስታውቅ ተቆራረጡ፤ እንደተኳረፉም ሞተ።

በፋብሪካው አጠገቧ የምትሠራው ኮሪያዊቷ ሱንጃ ለሟች ባሏ የአገሯን ሥርዓት ልታደርግ ሴንት ሉዊስ ፓርክ በሚባል ሰፈር ወዳለው ቤቷ ጠራቻት። በእነሱ እምነት ቂምና ሐዘኑ ያልተፈታ ሙት መንገዱን አይሄድም፤ ቀሪውም አያርፍም። ሥርዓቱን የሚመሩት አሮጊት ረጅም ነጭ አቡጀዲ በተርታ ቋጥረው ጫፉን በር እጀታ ላይ አሰሩት፤ እያዜሙ ባራገፉት ቁጥር አንድ ቋጠሮ ይፈታል። ሱንጃ በየቋጠሮው ባሏን ትወቅሳለች፣ ታለቅሳለች፤ ስለ ማንኮራፋቱ ስታነሳ ደግሞ ሳቀች።

አንድ ቋጠሮ ሲቀር አሮጊቷ የለተኪሮስን ፊት አዩና ጨርቁን አስያዟት። እሷ እንደ ካርቶን ሲባጎ ሳበችው፤ ባሰበት፣ ጠበቀ።

"አትሳቢው" አለቻት ሱንጃ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። "ላላ አድርገሽ አራግፊው። ስሙንም ጥሪው።"

አፏን የከፈተችው ልትወቅሰው ነበር።

"አንዶም" አለች። ቀጥሎ የመጣላት ግን ሌላ ሆነ። "ያን ዓመት እኔ እናት ነበረችኝ። አንተ ብቻህን አለቀስክ።"

ጨርቁ በእጇ ላይ ተዘረጋ።

በመልሱ አውቶብስ መስኮቱን ተጠግታ አነባች፤ ዞር ብሎ ያያት የለም። ቤቷ ገብታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ታች ስድስተኛ ፎቅ ለምትኖረው ጎረቤቷ ለየትምወርቅ ደወለች።

"ወንድሜ ሞተብኝ።"

የትምወርቅ ደንግጣ መቼ አለቻት።

"ሚያዝያ ላይ።"



"አንቺ ሴት፣ ሊፍት ውስጥ ስንቴ ደህና ነኝ አልሽኝ?" አለች የትምወርቅ። "መጣሁ።"

ለተኪሮስ የበሩን ቁልፍ ከፈተች። ከዚያ ልብስ የምትከምርባትን ሁለተኛዋን ወንበር ባዶ አድርጋ ከራሷ ወንበር አጠገብ አስጠጋቻት።